የሮኬት ሞተር ሙከራ ለማየት ሲሄዱ የሚሠሩ ስህተቶች

በአሜሪካ፣ በሰሜን ዩታ ግዛት፣ ፕሮሞንቶሪ በሚባል ደረቅና ኮረብታማ ቦታ፣ ናሳ ሰውን ወደ ጨረቃ ለመመለስ የሚጠቀምበት ሮኬት ቡስተሮች (ሲነሳ ከጎንና ከጎን የሚገፉት ጠጣር ነዳጅ ሞተሮች) ከመብረራቸው በፊት መሬት ላይ ታስረው ይነድዳሉ። እሳቱ የሚቆየው ሁለት ደቂቃ ነው። ዕድሉ የሚገኘውም በየተወሰነ ዓመት አንዴ ነው። ለዚያች ሁለት ደቂቃ ብሎ ልጆቹን ጭኖ ሌሊቱን ሲነዳ የሚያድር ሰው አለ። ይህን ያህል ደክሞ መጥቶ ግማሹን ሳያይና ሳይሰማ የሚመለሰው ደግሞ ብዙ ነው፤ ያሳዝናል። አብዛኛው ስህተት ቀድሞ ቢነገር የሚቀር ነው።

ወደ ሰማይ ማንጋጠጥ

ይህ ማስወንጨፍ አይደለም። ቡስተሩ እንደተጣለ ግንድ በጎኑ ተጋድሟል፤ ርዝመቱ 47 ሜትር፣ ውፍረቱ 3.7 ሜትር ገደማ ነው። አናቱ የተደገፈው ምድር ውስጥ በተተከለ የኮንክሪት ግንብ ላይ ነው፤ 3.6 ሚሊዮን ፓውንድ የሚደርሰውን ግፊት፣ ማለትም ከ1,600 ቶን በላይ የሚያነሳውን ጉልበት፣ የሚችለው ያ ግንብ ነው። እሳቱ የሚወጣው አግድም ወደ ኮረብታው ነው። ከሙከራው በኋላ በእሳቱ መንገድ ላይ የነበረው አሸዋ ቀልጦ እንደ መስታወት ተጋግሮ ይገኛል።

ስለዚህ ማየት ያለባችሁ አድማሱን ነው። እንደደረሳችሁ በመነጽር (በባይኖኩላር) ሙከራው የሚካሄድበትን ቦታ ፈልጉ። ቡስተሩ ለሳምንታት የሚቀመጠው ሙቀቱን በሚቆጣጠሩበት ተንቀሳቃሽ ቤት ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. (ከዚህ በታች ያሉት ቀናትና ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) በመጋቢት 2015 የተሞከረው 32 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ድረስ እንዲሞቅ ተደርጎ ነበር፤ በሰኔ 2016 የተሞከረው ደግሞ ወደ 4 ዲግሪ እንዲቀዘቅዝ። ሮኬቱ በበጋም በብርድም ሊወነጨፍ ስለሚችል ሁለቱም ጫፍ መፈተሽ አለበት። ከማቀጣጠሉ በፊት ያ ቤት ወደኋላ ይንሸራተትና ነጩ ሲሊንደር ይገለጣል። ያን ጊዜ ቦታውን በዓይናችሁ ካልያዛችሁ፣ እሳቱ ሲነሳ የመጀመሪያዎቹን ሰከንዶች ፍለጋ ላይ ታባክናላችሁ።

ሁሉም ሞተር አንድ ዓይነት ይመስላል ብሎ መጠበቅ

ፕሮሞንቶሪ የሚነደው ጠጣር ነዳጅ ነው፤ ዓይን የሚወጋ ነበልባልና እንደ ጥጥ የነጣ ጭስ አለው። ሚሲሲፒ በሚገኘው የናሳ ስቴኒስ ማዕከል የሚሞከረው አርኤስ-25 የተባለው የዚሁ ሮኬት ዋና ሞተር ግን ፈሳሽ ሃይድሮጂንና ኦክስጂን ነው የሚያነድደው፤ የእሱ ነበልባል በቀን ብርሃን ለማየት እንኳ ያስቸግራል። እዚያ የሚታየው ትልቅ ነጭ ደመና ጭስ አይደለም፣ እንፋሎት ነው። የሚቆይበት ጊዜም ይለያል፤ ስቴኒስ ላይ ሙሉ ሙከራ ከስምንት ደቂቃ በላይ ሊሄድ ይችላል። ያንን ለምደው ፕሮሞንቶሪ የሚመጡ ሰዎች “ገና ነው” እያሉ ሲያወሩ ያልቅባቸዋል።

ሰዓት

ይህ በተለይ ከአዲስ አበባ ሆነው በቀጥታ ስርጭት የሚከታተሉትን ይመለከታል። ዩታ ከኢትዮጵያ የሚዘገየው በኛ ወራት ከመጋቢት መግቢያ እስከ ጥቅምት ማብቂያ ገደማ 9 ሰዓት፣ በቀሩት ወራት 10 ሰዓት ነው። የሰኔ 2016ቱ ሙከራ የተቀጠረው በዩታ 8:05 ጠዋት ነበር። በኛ አቆጣጠር ከቀኑ 11 ሰዓት ከ5 ማለት ነው። “8:05” የሚለውን እንዳለ ወስዶ ከጠዋቱም ሆነ ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ የተቀመጠ ሰው ምንም አያይም።

በዚያ ቀን ደግሞ ቆጠራውን የሚመራው ኮምፒውተር ችግር ስላጋጠመው ሙከራው አንድ ሰዓት ዘግይቷል። በነሐሴ 2009 የባሰ ነበር፤ 20 ሰከንድ ሲቀረው ቆጠራው ቆመ፤ ሕዝቡ ወደ ቤቱ ተመለሰ፤ ሙከራው የተካሄደው ከሁለት ሳምንት በኋላ መስከረም 10 ነው። ጠጣር ነዳጅ አንዴ ከተለኮሰ ማጥፊያ ስለሌለው፣ ጥርጣሬ ካለ ማቆም የሚቻለው ከመለኮሱ በፊት ብቻ ነው። መሐንዲሶቹ የሚሠሩት ለተመልካች ሳይሆን ለመለኪያዎቻቸው ነው፤ የ2016ቱ ሙከራ ከ530 በላይ የመረጃ መስመሮች ነበሩት። የመልስ ትኬታችሁን ለዚያው ቀን ማታ አትቁረጡ። ቆጠራው ቆመ ሲባልም ወዲያው መኪና አታስነሱ፤ “ተራዝሟል” ወይስ “ተሰርዟል” የሚለውን ቁርጥ ቃል ጠብቁ።

ድምፁን አለማወቅ

ከሁሉም በላይ የሚያመልጠው ይህ ነው። ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ገደማ ይጓዛል፤ ለአንድ ኪሎ ሜትር ሦስት ሰከንድ ማለት ነው። ሦስት ኪሎ ሜትር ርቃችሁ ከቆማችሁ፣ እሳቱ ከታየ በኋላ ዘጠኝ ሰከንድ ሙሉ ጸጥታ ነው። ሰው ይደናገጣል፤ “ምነው ድምፅ የለውም?” ይላል፤ ስልኩን ይነካካል። ከዚያ ድምፁ ሲደርስ በጆሮ ብቻ አይደለም፤ ደረት ውስጥ ገብቶ ያርገበግባል፣ የሱሪ እግር ይንቀጠቀጣል፣ የመኪና መስታወት ያንኳኳል።

መጨረሻው ላይም ያው ነው፣ በተቃራኒው። እሳቱ ጠፍቶ ድምፁ ዘጠኝ ሰከንድ ይቀጥላል፤ ከኮረብቶቹ የሚመለሰው ማስተጋባትም ከዚያ በኋላ ይመጣል። አብዛኛው ሰው ግን እሳቱ እንደጠፋ ያጨበጭባል፣ ይጮኻል፣ የመኪና በር ይዘጋል። የነጎድጓዱ ጅራት፣ እየቀጠነ ከኮረብታ ወደ ኮረብታ የሚሄደው፣ በጭብጨባ ይሸፈናል። እባካችሁ ግማሽ ደቂቃ ዝም በሉ። ልጆቹንም አስቀድማችሁ አስረዱ፤ ነበልባሉ ሲታይ “አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት…” ብለው ድምፁ እስኪደርስ ይቁጠሩ፤ ያገኙትን ለሦስት ሲያካፍሉ ርቀቱ በኪሎ ሜትር ይወጣል። የሰባት ዓመት ልጅ ይህን በራሱ ሲያገኘው ፊቱን ማየት ብቻውን መንገዱን ይክሳል።

ድምፁ በየቀኑ አንድ ዓይነት አይሆንም። ከመሬት በላይ ሞቃት የአየር ንብርብር ሲኖር ድምፅ ወደ ላይ ከመበተን ይልቅ ታጥፎ ወደ ምድር ይመለሳል፣ አንድ ቦታ ላይም ይከማቻል። በ1960ዎቹ አላባማ ሀንትስቪል ውስጥ ሰውን ጨረቃ ላይ ያደረሰው የሳተርን ቪ ሮኬት የመጀመሪያ ደረጃ ሲሞከር የከተማው መስኮቶች ይንቀጠቀጡ ስለነበር፣ ከሙከራ በፊት የአየሩን ሁኔታ መለካት የሥራው አካል ሆነ። ስለዚህ “ባለፈው እዚሁ ቆሜ ምንም አልነበረም” ብላችሁ የልጆችን ጆሮ ሳትሸፍኑ አትምጡ።

ለሕፃናት ከላይ የሚደረግ የጆሮ መከላከያ ነው የሚሆነው፤ ጆሮ ውስጥ የሚገባ ስፖንጅ አይሆንም። ለትልልቆች ስፖንጁ ይበቃል፤ ነገር ግን በደንብ ካልገባ ከጥጥ አይሻልም። በጣት አሽታችሁ አቅጥኑት፣ በሌላው እጅ ጆሮን ወደ ላይና ወደ ኋላ ሳብ አድርጉ፣ አስገቡት፣ እስኪያብጥ ሠላሳ ሰከንድ ያህል በጣት ያዙት።

በስልክ ማየት

ካሜራው እሳቱ ላይ ሲያርፍ ብርሃኑን ለማስተካከል ይወዛወዛል፤ ወይ ነበልባሉ ነጭ ሙጫ ይሆናል፣ ወይ አካባቢው ሁሉ ይጨልማል። መፍትሔው ከመጀመሩ በፊት ነው። ስልኩን ትሪፖድ ላይ አድርጉ፣ ከትሪፖዱ ሥር ቦርሳ አንጠልጥሉ፣ ሙከራው የሚካሄድበት ቦታ ላይ ጣታችሁን ተጭናችሁ ትኩረቱንና ብርሃኑን ቆልፉ፣ ከዚያ ብርሃኑን ከተለመደው በጣም ዝቅ አድርጉ። አንድ ደቂቃ ሲቀር መቅዳት ጀምሩና ተዉት። በዲጂታል ዙም አትሳቡ፤ ከሜዳው የሚነሳው የሙቀት ሞገድ ምስሉን ውኃ ውስጥ ያለ ያስመስለዋል። ማይክሮፎኑን መኪናው ከንፋስ ይከልለው። እሳቱ ሲጠፋም ቀረጻውን አታቋርጡ፤ ድምፁ ገና አላለቀም።

ድሮን ቤት ይቅር።

መቅረብ

አሁን የሚያናድደው ላይ ደረስን። ሁልጊዜ አንድ ሰው አለ፤ ከመንገዱ ወርዶ፣ አጥር አልፎ፣ ኮረብታ ዞሮ “ትንሽ ብንጠጋስ” የሚል። አብዛኛውን ጊዜ ሌሎችንም ያስከትላል። አንድ ሰው የተከለከለው ክልል ውስጥ ከታየ ቆጠራው ሊቆም ይችላል፤ በሺህ የሚቆጠር ሰው ፀሐይ ላይ ይቀራል። ይህ ግን ትንሹ ጉዳት ነው።

ነዳጁ ምን እንደሆነ እናስብ። ወደ 70 በመቶ የሚሆነው አሞኒየም ፐርክሎሬት ነው፤ ኦክስጂኑን በውስጡ ይዟል። 16 በመቶው የአሉሚኒየም ዱቄት ነው፤ የቀረው በአብዛኛው ይህን ሁሉ አንድ ላይ የሚያስረው ጎማ ነው። ከውጭ አየር አይፈልግም። ውኃ ብትደፉበት፣ አየር ብትከለክሉት አይጠፋም፤ ነዳጁ እስኪያልቅ ይነድዳል። የውስጡ ሙቀት ከ3,000 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ነው። “ችግር ካለ ያጠፉታል” የሚለው ሐሳብ እዚህ ቦታ የለውም፤ ያለው መከላከያ ርቀት ብቻ ነው።

ሰኔ 26 ቀን 2025 ቡስተሮቹን የሚሠራው ኩባንያ ኖርዝሮፕ ግሩማን እዚያው ፕሮሞንቶሪ ላይ ከ4 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ግፊት ያለውን አዲስ ቡስተር ሲሞክር፣ ወደ ማብቂያው ሲቃረብ የኖዝሉ (እሳቱ የሚወጣበት አፍ) ጫፍ ተሰባብሮ በእሳቱ ሲበተን ሁሉም አየው። ከዚያ ስምንት ቀን ቀደም ብሎ ቴክሳስ ውስጥ የስፔስኤክስ ስታርሺፕ መንኮራኩር ለመሬት ላይ ሙከራ ነዳጅ ሲሞላ ሌሊቱን ፈነዳ። ክልሉ ከሰው ነፃ ስለነበር የተጎዳ ሰው አልነበረም። አጥሩ የተሠራው ለእንዲህ ዓይነቱ ቀን ነው።

ያ ርቀት ደግሞ በነፃ የመጣ አይደለም። ስቴኒስ ሲቋቋም ዙሪያውን 125,000 ኤከር፣ ከ500 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ፣ ለድምፅና ለደኅንነት ክፍት እንዲሆን ተደረገ፤ ጌይንስቪልና ሎግታውን የሚባሉትን ጨምሮ አምስት መንደሮች ተነሡ። ሰዎች ከአያት ቅድመ አያት ቤታቸው ወጥተው የለቀቁትን መሬት ለተሻለ ፎቶ ብሎ መድፈር ነውር ነው። በፕሮሞንቶሪ ለሕዝብ የተፈቀደው ቦታ በስቴት ሮድ 83 ዳር ነው። ከዚያ ይታያል፣ ይሰማል፣ ይበቃል።

ቸኩሎ “ፈነዳ” ማለት

ጥር 16 ቀን 2021 ስቴኒስ ላይ የናሳው የጨረቃ ሮኬት ዋና ክፍል አራት ሞተሮች ለስምንት ደቂቃ ያህል ይነድዳሉ ተብሎ በ67 ሰከንድ ጠፉ። ወሬው ወዲያው “ከሸፈ” ሆነ። እውነቱ ግን የአንዱ ሞተር ማዘንበያ ሃይድሮሊክ ንባብ ሆን ተብሎ ጠበቅ ተደርጎ ከተቀመጠው ገደብ ስላለፈ ኮምፒውተሩ ራሱ ማጥፋቱ ነበር። መጋቢት 18 ደግመው ሲሞክሩት 499.6 ሰከንድ ነደደ። ያው ክፍል በኅዳር 2022 ወደ ጨረቃ በረረ። ፕሮሞንቶሪ ላይም እሳቱ ካለቀ በኋላ ከኖዝሉ ነበልባልና ጭስ ቢታይ አትደንግጡ፤ የውስጥ ሽፋኑ ቅሪት ነው፤ ወዲያው ማቀዝቀዣ ይረጩበታል።

ደመናውና መንገዱ

ነጩ ደመና በአብዛኛው የአሉሚኒየም ኦክሳይድ ብናኝ ነው፤ ሃይድሮጂን ክሎራይድም አለበት፤ ጉሮሮና ዓይን ያቃጥላል። ከመጀመሩ በፊት የንፋሱን አቅጣጫ እዩ። ወደ እናንተ ከመጣ መኪና ውስጥ ግቡ፣ መስኮት ዝጉ፣ አየር ማቀዝቀዣው የውጭ አየር እንዳያስገባ አድርጉ። አስም ያለበት ሰው ከመጀመሪያውም ከመኪናው አይራቅ።

ቤንዚን ብሪገም ሲቲ ወይም ትሬሞንተን ላይ ሙሉ፤ ከዚያ በኋላ የሚታመን ማደያ የለም። ጥላም የለም፣ ስለዚህ ውኃና ኮፍያ ያዙ። ስልክ መስመር ስለሚጨናነቅ ካርታውን አስቀድማችሁ አውርዱ። መኪና ደረቅ ሣር ላይ አታቁሙ፤ የጋለ የጭስ ማውጫ ሣሩን ያያይዘዋል። ቢያንስ ሁለት ሰዓት ቀድማችሁ ድረሱ።

ሲያልቅ ሁሉም በአንድ ጊዜ መኪና ያስነሳና መንገዱ ይዘጋል። አንድ ሰዓት ብትቆዩ በቡስተር ፋብሪካው በር አጠገብ ያለውን፣ እውነተኛ ሮኬቶችና የቡስተር አካላት የቆሙበትን ሜዳ ታያላችሁ፤ ልጆች ርችት የመሰላቸው ነገር ምን ያህል እንደሚገዝፍ አጠገቡ ቆመው ይለካሉ። ትንሽ ራቅ ብሎ ደግሞ ግንቦት 10 ቀን 1869 የአሜሪካን ምሥራቅና ምዕራብ ያገናኘው ባቡር ሐዲድ የተጋጠመበት ቦታ አለ። ከዚያ ስትመለሱ ስቴት ሮድ 83 ባዶ ይሆናል።