የፖስትግሬስ መቆጣጠሪያ መረጃ የት ይቀመጣል? ባክአፑስ እንዴት ይያዛል?

ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ የመጋዘን ሒሳብ በፖስትግሬስ (መረጃን በሠንጠረዥ በሚይዝ የዳታቤዝ ፕሮግራም) የምትይዙ ከሆነ፣ መብራት ድንገት ሲሄድ የሚያተርፋችሁ ዳታቤዙ ስለ ራሱ የያዘው መረጃ ነው።

አንዱ ክፍል ካታሎግ ይባላል፤ እንደ ማንኛውም ሠንጠረዥ በረድፍና በዓምድ የተቀመጠ ነው። የሠንጠረዦች ስም «ፒጂ_ክላስ» ውስጥ፣ የዓምዶች «ፒጂ_አትሪቢዩት» ውስጥ አለ። በሴሌክት (በማንበቢያ ትእዛዙ) አንብቡት፤ በእጅ ግን አትንኩት።

ዋናዋ «ግሎባል» ፎልደር ውስጥ ያለችው «ፒጂ_ኮንትሮል» ፋይል ናት። መጠኗ 8192 ባይት ነው፤ በውስጧ ያለው መረጃ ግን ሆን ተብሎ ከ512 ባይት እንዳያልፍ ተደርጓል። በአንድ የዲስክ ሴክተር (ዲስኩ በአንዴ በሚጽፈው ትንሽ ክፍል) ስለሚያልቅ፣ መብራት ቢቋረጥ በግማሽ ተጽፎ የመቅረት ዕድሉ ጠባብ ነው። የመጨረሻው ቼክፖይንት (እስከዚያ ያሉት ለውጦች ወደ ዳታ ፋይሎቹ ተጽፈው ያለቁበት ነጥብ) የተመዘገበው እዚያ ነው።

ሰርቨሩ ከወደቀ መጀመሪያ ይህችን ፋይል የሚያነብበውን «ፒጂ_ኮንትሮልዳታ» ትእዛዝ በዳታ ፎልደሩ ላይ አስኪዱ። «ሻት ዳውን» ካለ በሥርዓት ተዘግቷል። ሰርቨሩ ቆሞ ሳለ «ኢን ፕሮዳክሽን» ካለ በድንገት ነው የጠፋው፤ አትደንግጡ፣ አስነሱት፤ ከቼክፖይንቱ ጀምሮ የዋል መዝገቡን (ለውጦች አስቀድመው የሚጻፉበትን) አንብቦ ያገግማል። የዋል መዝገቡን የሚያጸዳውን «ፒጂ_ሪሴትዋል»ን ግን አደራ፣ ሌላው ሁሉ ካልሠራ በቀር አትሞክሩት፤ ዳታ ሊያጠፋ ይችላል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ባክአፕ ላይ ነው። «ፒጂ_ዳምፕ» የሚያወጣው አንድ ዳታቤዝ ብቻ ነው፤ የተጠቃሚዎች ስምና የይለፍ ቃል ዳታቤዞቹ ሁሉ በሚጋሩት ካታሎግ ስላሉ ይቀራሉ። እነሱን «ፒጂ_ዳምፕኦል»ን በ«ግሎባልስ ኦንሊ» ምርጫ አውጥታችሁ ለብቻ አስቀምጡ፤ ስትመልሱም መጀመሪያ እሱን አስገቡ። ሰርቨሩ እየሠራ የዳታ ፎልደሩን በፍላሽ መገልበጥ ባክአፕ አይደለም፤ ፋይሎቹ በተለያየ ቅጽበት ስለሚቀዱ እርስ በርስ አይገጥሙም።