በር ሲንኳኳ የማያስደነግጥ የቤት ቀሚስ

የሚያዝያ ቅዳሜ ከሰዓት ነበር። ባሕር ዳር በሚያዝያ ምን እንደምትመስል የኖረባት ያውቃል፤ ቆርቆሮው ይግላል፣ ከጣና በኩል እንኳ ሽው የሚል ነገር የለም። ቤት ውስጥ ብቻዬን ነኝ ብዬ፣ ባለ ቀጭን ማንገቻ አጭር የሌሊት ልብስ ለብሼ ሽንኩርት እከትፋለሁ። የግቢው በር ተንኳኳ። ልጄ ናት ብዬ ቢላዋዬን እንደያዝኩ ሮጬ ከፈትኩ።

የንስሐ አባቴ ናቸው። መስቀላቸውን ይዘው ጠበል ሊረጩልን መጥተዋል።

ከሽቦው ላይ ገና ያልደረቀ አንሶላ ጎትቼ ተጠቀለልኩ። ውኃው በጀርባዬ ይወርዳል። እሳቸው ፊታቸውን ወደ ማንጎው ዛፍ አዙረው «እንደው ዘንድሮስ አፈራ?» አሉኝ። ያ ማንጎ በሕይወቱ አንዲት ፍሬ ይዞ አያውቅም።

ከዚያ በኋላ ነው የቤት ቀሚስን ነገር የምሬን የያዝኩት። እኛ አገር ሰው ደውሎ አይመጣም። ጎረቤት ለቡና ይጠራል፣ የዕድር መልእክት ይመጣል፣ የቆጣሪ አንባቢ ያንኳኳል። ስለዚህ የእኔ መለኪያ አንድ ነው፤ ለብሼው ሶፋ ላይ መተኛት አለብኝ፣ በሩ ሲንኳኳ ደግሞ ምንም ሳልደርብ ሄጄ መክፈት አለብኝ። ከሁለቱ አንዱን ብቻ የሚያሟላ ቀሚስ አልገዛም።

አብዛኞቻችን የቤት ልብስ የምንለው ጡረታ የወጣ የውጭ ልብስ ነው። የቢሮው ጉርድ ሲነጣ፣ የሰርጉ ቀሚስ ሞዱ ሲያልፍበት «ለቤት ይሆናል» እንላለን። ያ ልብስ ግን ሲሰፋ ለመቀመጥ አልተሰፋም። ወገቡ ይይዛል፣ ዚፑ ጀርባን ይወጋል፣ ብብቱ ጠባብ ነው። አርጅቶም ምቾት አይሰጥም። ለቤት ተብሎ የተሰፋ አንድ ቀሚስ ከእነዚያ አምስቱ ይሻላል።

መጀመሪያ ጨርቁ። እናቴ በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ሠርታለች፤ በ1950ዎቹ መጀመሪያ በጣሊያን የጦር ካሳ በተሠራው በከተማችን ፋብሪካ። ሱቅ ስትገባ የነጋዴውን ወሬ አትሰማም ነበር። ከጨርቁ ጠርዝ ሁለት ሦስት ክር ትመዝና ውጭ ወጥታ ክብሪት ትጭራለች። እኔም እስካሁን እንደዚያው ነኝ። ጥጥ ከሆነ ክሩ እንደ ወረቀት ይነዳል፣ ሽታውም የተቃጠለ ወረቀት ነው፣ አመዱን በጣት ስትነኪው ይበናል። ፖሊስተር ከሆነ ይቀልጣል፣ ወደ ላይ ይሰበሰባል፣ ሲቀዘቅዝ እንደ ጠጠር ይደርቃል። ሁለቱንም ካደረገ ድብልቅ ነው። ድብልቅ ሁሉ መጥፎ አይደለም፤ ትንሽ ፖሊስተር ያለበት መተኮስ አይፈልግም። ለሚያዝያ ሙቀት ግን ንጹሕ ጥጥን የሚያህል የለም፤ ላብ ይጠጣል፣ ገላ ላይ አይጣበቅም። ቪስኮስ የሚሉት ለስላሳውም እንደ ጥጥ ይነዳል፣ ሲለበስም ቀዝቀዝ ይላል፤ ነገር ግን እርጥብ ሲሆን ይደክማል፣ ጨምቀሽ አትጠምዝዢው። ክብሪቱን ደግሞ አደራ፣ ሱቅ ውስጥ አይደለም። አንድ ባለሱቅ እናቴን እየጮኸ አባርሯታል።

ሁለተኛው የብርሃን ፈተና ነው። ጨርቁን በአንድ ድርብ ብቻ ወደ ፀሐይ አንሺና እጅሽን ከኋላው አድርጊ። ጣቶችሽን መቁጠር ከቻልሽ፣ በር ላይ ፀሐይን ከኋላሽ አድርገሽ ስትቆሚ ሰውም እግርሽን ይቆጥራል። ገበር ያስፈልገዋል፣ ወይም ከውስጥ ጉርድ ይለበስበታል። ቤት ውስጥ ጡት መያዣ ማውለቅ ለምትወጂ (ማን አይወድ!) ገበሩ ከደረት እስከ ወገብ ብቻ ቢሆን ይበቃል። ቀለም ላይ ደቃቅ አበባ ያለበትን እመርጣለሁ። የወጥ ጠብታ ይደብቃል፣ ከስር ያለውንም ይደብቃል። አንድ ወጥ ክሬም ቀለም ያለው ቀሚስ ነበረኝ፤ የመጀመሪያውን ቀን ሽሮ አልፎበት፣ ሁለተኛውን ቀን አልለበስኩትም።

ቅዳሜ ገበያ ጠዋት ሂጂ። ፀሐይ ሳይከርር ጨርቅ መዳሰስም መከራከርም ይቀላል። ሳልባጅ ተራም አትናቂ፤ ብዙ ጊዜ ታጥቦ የለሰለሰ ጥጥ የሚገኘው እዚያ ነው፣ መጥበብ የነበረበትም አስቀድሞ ጠቧል። ብብቱንና የአንገቱን ጠርዝ ብቻ አገላብጠሽ እዪ፤ ቀድሞ የሚበላው እዚያ ነው።

ለማሰፋት ጨርቁ 1 ሜትር ከ50 ወርድ ካለው፣ መካከለኛ ቁመትና ውፍረት ላላት ሴት 2 ሜትር ተኩል ይበቃል። ወርዱ 1 ሜትር ከ15 አካባቢ ከሆነ 3 ሜትር ተኩል ያዢ። ሰፊው ጋ ከመውሰድሽ በፊት ጨርቁን ውኃ ውስጥ አሳድሪና አድርቂው። አዲስ ጥጥ ይጠባል፤ ከመቶ 5 እንኳ ቢጠብ፣ ከ1 ሜትር ከ40 ቁመት ላይ 7 ሳንቲም ሄደ ማለት ነው። ቁርጭምጭሚት ላይ የነበረው ቀሚስ የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ይመስላል።

ልብስ ሰፊዬ ጎበዝ ሽማግሌ ናቸው፣ ግን ሴት ሁሉ ወገቧ እንዲታይ የምትፈልግ ይመስላቸዋል።

«እታለም፣ ወገቡን ትንሽ ላስገባው? ያምርብሻል።»

«ኧረ ይተዉት ጋሼ፣ ለመተኛት ነው።»

«ለመተኛት ከሆነማ ጆንያ ልሰፋልሽ ነው!»

ከዚህ ክርክር ነው አሁን ሁሉም ቀሚሴ ላይ ያለው ነገር የተወለደው። በግራና በቀኝ የጎን ስፌት ውስጥ፣ ወገብ ላይ፣ ከራሱ ከጨርቁ የተሠራ ሁለት ማሰሪያ ያስገባሉ። ሶፋ ላይ ስሆን ይፈታል፣ ቀሚሱ ሰፊ ነው። በሩ ሲንኳኳ እየሄድኩ ወደ ኋላ አስረዋለሁ፣ በሩ ጋ ስደርስ ወገብ ያለኝ ሴት ነኝ። ሌላ ምንም ሳትቀይሪ፣ ይህችን ብቻ አሁን ባለሽ ቀሚስ ላይ አስጨምሪ።

ደረቱ ላይ ከልኬትሽ 15 እስከ 20 ሳንቲም ትርፍ ይሰጥሽ። ጠርዙ ከቁርጭምጭሚት አራት ጣት ከፍ ይበል፤ አለበለዚያ በክረምት የግቢውን ጭቃ ይጠርጋል። ኪስ ግድ ነው፣ ሁለት። ስልክና ቁልፍ የሚይዝ፣ ጥልቅ። ጡት የምታጠቢ ከሆነ ደረቱ በቁልፍ ይከፈት።

ሰፊው ቤት ሳለሽ አንድ ነገር ሳታደርጊ አትውጪ። መስታወት ፊት አጎንብሺ፣ ጀበና ይዘሽ ስኒ ላይ እንደምትቀጂ ሁሉ። አንገቱ ወደ ፊት ከተከፈተ በእንግዳ ፊት ቡና መቅዳት አትችዪም። ከዚያ ዝቅ ያለ በርጩማ ላይ ተቀመጪ። ጉልበትሽ ከታየ፣ ወይም ጨርቁ ጭንሽ ላይ ከተወጠረ፣ ይስፋ። ሰፊው ይስቁብሻል። ይሳቁ።

እጅጌን በተመለከተ በኪሴም በክንዴም ከፍያለሁ። በቴሌግራም ፎቶ አይቼ አንድ ድሪያ አዘዝኩ፣ «ፍሪ ሳይዝ፣ ንጹሕ ጥጥ» የተባለለት። ድሪያ በመሠረቱ ጥሩ ነገር ነው፤ ከምሥራቁ፣ ከእነ ድሬዳዋና ጅግጅጋ በኩል ሙቀትን የሚያውቁ ሴቶች የሚለብሱት ሰፊ ቀሚስ። የእኔ ግን ሲመጣ ፖሊስተር ነው። ሳወልቀው ጭስስ እያለ ፀጉሬን ያቆመዋል። ያም ሆኖ ቀለሙ አማረኝና ለበስኩት። እሁድ ቡና ሳፈላ ከሰሉ ተፈናጠረ፣ ፍንጣሪው እጅጌው ላይ አረፈ። ጥጥ ቢሆን ትንሽ ቀዳዳ ነበረች። ፖሊስተሩ ቀልጦ ክንዴ ላይ ተጣበቀ። ጠባሳው አሁንም አለ፣ የሽንብራ ፍሬ ያህላል። ከሰል አጠገብ የምትውይ ከሆነ ፖሊስተርም ተንሳፋፊ እጅጌም ይቅርብሽ። በኢንተርኔት ካዘዝሽ ደግሞ «ፍሪ ሳይዝ»ን አትመኚ፤ ቀሚሱ ጠፍጣፋ ተዘርግቶ ከብብት እስከ ብብት ስንት ሳንቲም እንደሆነ ጠይቂ፣ በሁለት አባዢው። የማይለካልሽ ሻጭ አይሸጥልሽ።

አሁን የማሰፋው እጅጌ እስከ አንጓ የሚደርስና ከክርን በላይ ተጠቅልሎ በቁልፍ የሚያዝ ነው። ቀን ይጠቀለላል። ማታ ይወርዳል፣ ምክንያቱም ሐይቅ ዳር ነን። ክረምቱ ሲወጣ፣ ከመስከረም እስከ ኅዳር ወባ ይበረታል፤ በረንዳ ላይ አምሽቶ መጫወት የሚወድ ሰው ክንዱንና እግሩን ቢሸፍን ይሻለዋል። አጎበሩ ለመኝታ ነው፣ በረንዳ ላይ ይዘሽው አትቀመጪም። ለብርዱማ ጋቢ አለ።

እጥበቱ አያስቸግርም። የመጀመሪያውን ጊዜ ለብቻው፣ ከዚያ ገልብጠሽ ጥላ ውስጥ አስጪው። የእኛ ፀሐይ ቀለም ይበላል። በረኪና አታስጠጊው።

እኔ ያሉኝ ሦስት ናቸው። አንዱ ታጥቦ ሽቦ ላይ፣ አንዱ ገላዬ ላይ፣ አንዱ ተጣጥፎ። አራተኛም ነበረኝ፣ ሰማያዊው፣ ኪሱ ከሁሉ ጥልቅ የሆነው። ሳሰፋው «የአሮጊት ነው» ብላ የሳቀችብኝ ልጄ ዩኒቨርሲቲ ስትሄድ ሻንጣዋ ውስጥ ከትታው ሄዳለች። ባለፈው ደውላ ማሰሪያው ተበጥሶ ማን እንደሚሰፋላት ጠየቀችኝ።