የአዲሱ ላፕቶፕ ስክሪን ቅር ሲያሰኝ፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ባለፈው ዓመት እህቴ ከሜሪላንድ ላፕቶፕ ገዝታ ላከችልኝ። መንገደኛ እስኪገኝ አምስት ሳምንት እሷ ዘንድ ተቀመጠ፤ ቦሌ ሲደርስ የካርቶኑ ፕላስተር እንኳ አልተነካም ነበር። ከፍቼ ሳበራው ነጩ ግራጫ፣ ጥቁሩ አመድማ ሆነብኝ። የእናቴን ፎቶ ከፈትኩ፤ የነጠላዋ ቀይ ጥለት የሸክላ ቀለም መስሎ ታየኝ። ሱቁ ዕቃ የሚመልስበት ጊዜ አልፏል። ለእህቴ እንዳልነግራት ይሉኝታ ያዘኝ። ሁለት ወር ሙሉ መነካት የሌለበትን እየነካካሁ፣ መነካት ያለበትን ሳልነካ ቆየሁ።

ከዚያ ወዲህ ዘመድ ወዳጅ አዲስ ላፕቶፕ ይዞ «ይሄ ስክሪን ምን ሆኗል?» እያለ ሲመጣ እነዚያው ስህተቶች ሲደጋገሙ አያለሁ። አንዳንዶቹ ገንዘብ ያስወጣሉ። ሁሉም ግን ጊዜ ይበላሉ፤ በዚህ ጉዳይ ቶሎ የሚያልቀው ደግሞ ጊዜው ነው።

ሳይከፍቱ መላክ፣ ሳያዩ መቀበል

«አዲስ ነው፣ እንዳይከፈት» የምንለው ለዕቃው ክብር ሰጥተን ነው። ነገር ግን ካርቶኑ ተዘግቶ በቆየ ቁጥር የመመለስ መብትዎ እየሟሟ ይሄዳል። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች በኢንተርኔት የተገዛን ዕቃ ከተረከቡበት ቀን ጀምሮ በ14 ቀን ውስጥ ምክንያት ሳይሰጡ መመለስ ይቻላል። በእስራኤልም በርቀት ለተገዛ ዕቃ ሕጉ የሚሰጠው 14 ቀን ነው። በአሜሪካ በኢንተርኔት የተገዛን ላፕቶፕ ሐሳብዎን ስለለወጡ ብቻ መመለስ የሚያስችል የፌዴራል ሕግ የለም፤ ነገሩ በሱቁ ደንብ ያድራል፣ ደንቡም ከሱቅ ሱቅ ይለያያል። በአገራችን በአዋጅ ቁጥር 813/2006 የሰፈረው፣ ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሸማች በ15 ቀን ውስጥ እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ እንደሚችል ነው። ስለዚህ ውጭ ያለው ዘመድዎ ዕቃው በደረሰው ዕለት ከፍቶ፣ አብርቶ፣ ስክሪኑን በቪዲዮ ጥሪ ያሳይዎት። ቪዲዮው ቀለሙን በትክክል አያሳይም፤ መስመር፣ ነጠብጣብ፣ የጠቆረ ጥግ ካለ ግን ያሳያል። ደረሰኙንም ፎቶ አንስቶ ይላክልዎ። ዋስትናው ከተገዛበት አገር ውጭ ይሠራ እንደሆነ አስቀድሞ ይጠይቅልዎ፤ ሁሉም አይሠራም።

እዚሁ ከሱቅ ሲገዙም «ፓክድ ነው፣ አይከፈትም» የሚልዎትን አይቀበሉ። ዋጋ ከተስማማችሁ በኋላ ባንኮኒው ላይ ተከፍቶ ይብራ።

ቻርጀር ሳይሰኩ በስክሪኑ መፍረድ

እኔን ሁለት ወር ያንገላታኝ ይህ ነው። ላፕቶፕ በባትሪ ሲሠራ ኃይል ለመቆጠብ ብርሃኑን ይቀንሳል፤ ይህን ሁላችንም እናውቃለን። ብዙ ሰው የማያውቀው፣ ከዚያም አልፎ የሚታየውን ምስል እያየ ብርሃኑንና የቀለሙን ንፅፅር በራሱ የሚቀያይር መሆኑን ነው። ጥቁር የበዛበት ገጽ ሲከፈት ስክሪኑ ይደበዝዛል፣ ነጭ ገጽ ሲመጣ ቀስ ብሎ ይነሳል። አልፎ አልፎ ብርሃኑ የሚተነፍስ የሚመስለው ለዚህ ነው። በኢንቴል ግራፊክስ ይህ በኃይል ቁጠባ ምርጫዎች ውስጥ «ዲስፕሌይ ፓወር ሴቪንግ» በሚል ስም ይገኛል፤ በኤኤምዲ «ቫሪ ብራይት» ይባላል። ዊንዶውስ 11 የራሱ አለው፦ በሴቲንግስ፣ ሲስተም፣ ዲስፕሌይ ውስጥ «ብራይትነስ» የሚለውን ሲዘረጉ በይዘቱ መሠረት ብርሃን የሚቀይረውን ምርጫ ያገኙታል። ሁሉንም ያጥፏቸው።

እዚያው እያሉ «ናይት ላይት» መጥፋቱን ይመልከቱ፤ እሱ ሲበራ ነጩ ሁሉ ወደ ቢጫ ያደላል። «ኤችዲአር» የሚባለውም ይጥፋ። ስሙ ትልቅ ስለሆነ ማብራት የሚጠቅም ይመስላል፤ ደካማ ብርሃን ባለው ስክሪን ላይ ግን የዘወትሩን ምስል የታጠበ ያስመስለዋል። ዲቫይስ ማናጀር ውስጥ የግራፊክሱ ስም «ማይክሮሶፍት ቤዚክ ዲስፕሌይ አዳፕተር» ከሆነ ትክክለኛው ድራይቨር (ዊንዶውስ ግራፊክሱን የሚያዝበት ሶፍትዌር) አልተጫነም ማለት ነው። በዚያ ሁኔታ ብርሃኑን ማስተካከል ላይቻል፣ ፊደሉም ተለጥጦ ሊታይ ይችላል፤ ዊንዶውስ በአዲስ ከተጫነባቸው ማሽኖች ላይ ብዙ ጊዜ የሚያጋጥመው ይህ ነው። ሬዞሉሽኑም፣ ማለትም ስክሪኑ የሚያሳየው የነጥብ ብዛት፣ «ሪኮሜንድድ» ከሚለው ቁጥር ላይ ይሁን።

ይህን ሁሉ ከጨረሱ በኋላ ቻርጀሩን ሰክተው፣ ብርሃኑን መቶ በመቶ አድርገው፣ መስኮት ከጀርባዎ በማይሆንበት ቦታ ተቀምጠው ደግመው ይዩት። የእኔው ላፕቶፕ ግማሽ ሕመሙ እዚህ ላይ ለቀቀው። ግማሹ ግን አልለቀቀውም።

ብልሽትንና የስክሪኑን ደረጃ አንድ አድርጎ ማየት

ሻጩ ዘንድ ሄደው «ስክሪኑ አስጠላኝ» ቢሉ የሚሰማዎ የለም። «እዚህ ቦታ ሦስት ጥቁር ነጥብ አለ» ካሉ ግን ይሰማል። ስለዚህ ለይቶ መያዝ ያስፈልጋል።

ሙሉ ጥቁር፣ ሙሉ ነጭ፣ ሙሉ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ምስሎችን በየተራ ሙሉ ስክሪን ይክፈቱ። በነጩ ላይ የማይበራ፣ በጥቁሩ ላይ የማይጠፋ ነጥብ ካለ ይቁጠሩት። ብዙ አምራቾች የሚከተሉት አይኤስኦ 9241-307 የተባለው መመዘኛ በሁለተኛ ደረጃው ለአንድ ሚሊዮን ፒክስል (ምስሉን የሚሠሩት ጥቃቅን ነጥቦች) ሁለት ሁልጊዜ የሚበሩና ሁለት ሁልጊዜ የጠፉ ነጥቦችን ይፈቅዳል። ፉል ኤችዲ ስክሪን ሁለት ሚሊዮን ገደማ ፒክስል ስላለው፣ አራት የጠፉ ነጥቦች ይዘው ቢሄዱ «በመመዘኛው ውስጥ ነው» ሊባሉ ይችላሉ። የዋስትና ወረቀቱ ከዚህ የተሻለ ቃል ገብቶ ይሆናልና ያንብቡት። ነጥቡን በጣት እየተጫኑ «ለማንቃት» አይሞክሩ፤ አጠገቡ ያሉትን ሊገድሉ፣ ዋስትናውንም ሊያጡ ይችላሉ።

በጥቁሩ ምስል ላይ ጥግ አካባቢ ብርሃን ሲወጣ ካዩ ጭንቅላትዎን ወደ ግራና ቀኝ፣ ወደ ላይ ያንቀሳቅሱ። ብርሃኑ አብሮዎት ከተንቀሳቀሰ ወይም ከጠፋ አይፒኤስ የሚባለው የስክሪን ዓይነት ጠባይ ነው፣ ሁሉም አላቸው። ቦታውን ሳይለቅ ከቀረ ከጠርዙ ብርሃን እያፈሰሰ ነው፤ ይህን ማመልከት ይቻላል። በጨለማ ክፍል በስልክ የተነሳ ፎቶ ግን ብርሃኑን አጋንኖ ስለሚያሳይ እሱን ብቻ ይዘው አይከራከሩ።

ቲኤን የሚባለው ርካሽ ስክሪን ደግሞ ክዳኑን ትንሽ ወደ ኋላ ወይም ወደ ፊት ሲያደርጉት ቀለሙ ይገለበጣል፤ ፊት ይጠቁራል፣ ሰማይ ይነጣል። ይህ ብልሽት አይደለም። የተገዛው ደረጃ ይኸው ነው፣ ጥገናም አያድነውም።

«ፉል ኤችዲ ነው» የሚለውን ቃል እንደ ጥራት ማረጋገጫ መውሰድ

ፉል ኤችዲ የሚነግርዎ የፒክስሎቹን ብዛት ብቻ ነው፤ 1920 በ1080። ስለ ብርሃኑም ስለ ቀለሙም አንድ ቃል አይነግርዎትም። የፒክስል ብዛት ለእኛ ጽሑፍ ዋጋ እንዳለው አልክድም፤ እንዲያውም ከላቲኑ ይልቅ ለፊደላችን ይጠቅማል። «ሉ»ን ከ«ሊ»፣ «ቱ»ን ከ«ቲ» የሚለየው ያችው ትንሽ ጭረት ወገብ ላይ ወይም እግር ላይ መቀመጧ ነው። በ15.6 ኢንች ላይ 1366 በ768 ማለት በአንድ ኢንች 100 ፒክስል ገደማ ነው፤ ያች ጭረት በደቃቅ ጽሑፍ ትደበዝዛለች። በፉል ኤችዲ ቁጥሩ 141 አካባቢ ይደርሳል፣ ልዩነቱ ለዓይን ይታያል። ፉል ኤችዲ ይዘው ፊደሉ አሁንም ካነሰብዎ ሬዞሉሽኑን አይቀንሱ፤ ሁሉም ነገር ይደበዝዛል። «ስኬል» የሚለውን 125 ወይም 150 በመቶ ያድርጉት።

ብርሃንና ቀለም ግን ሌላ መለኪያ አላቸው። ብርሃን በኒት ይለካል፦ ከ220 እስከ 250 ኒት ያለው ስክሪን ቤት ውስጥ ያሠራል፣ መስኮት አጠገብ ግን ያስቸግራል። 300 ይሻላል፤ በረንዳ ላይ ለሚሠራ ሰው 400 እና ከዚያ በላይ። ለቀለም መግለጫው ላይ «45 በመቶ ኤንቲኤስሲ» የሚል ካዩ (ኤንቲኤስሲም ኤስአርጂቢም ስክሪኑ የሚያሳየው የቀለም ስፋት የሚለካባቸው ልኮች ናቸው) ቀዩ የሸክላ መልክ እንደሚይዝ ከወዲሁ ይወቁት። «72 በመቶ ኤንቲኤስሲ» ወይም «100 በመቶ ኤስአርጂቢ» የሚለው ነው ጤነኛው።

አንድ ሞዴል ደግሞ አንድ ስክሪን ብቻ አለው ማለት አይደለም። በአዲስ አበባ ያገለገለው በብዛት የሚሸጠው ሌኖቮ ቲንክፓድ ቲ480 ከፋብሪካ ሲወጣ በ1366 በ768፣ በ1920 በ1080 እና በ2560 በ1440 ስክሪን ይታዘዝ ነበር። ስለዚህ የጓደኛዎ ስክሪን አምሮ የእርስዎ ቢከፋ አይገረሙ። የተገጠመልዎትን ለማወቅ «ኤችደብሊው ኢንፎ» የተባለውን ነፃ ፕሮግራም ይክፈቱና ሞኒተር የሚለው ክፍል ውስጥ የፓኔሉን መለያ ይፈልጉ፤ በዚያ መለያ ኢንተርኔት ላይ ብርሃኑንና የቀለም ስፋቱን ማግኘት ይቻላል። እኔ ያን ስፈልግ ነው 45 በመቶ የሚለውን ቁጥር ያገኘሁት። የእናቴ ጥለት ጉዳይ ያን ቀን ተፈታ።

ደካማውን ቀለም በሳቹሬሽን ለማከም መሞከር

ስለዚህ ስህተት ዝም ማለት አልችልም፤ ፎቶ የሚሠሩ ልጆችን እንጀራ ሲነካ አይቻለሁና።

አንድ የማውቀው ወጣት የሰርግ ፎቶ ያዘጋጃል። አዲስ ላፕቶፕ ገዛ፣ ቀለሙ ሞተበት፣ ሳቹሬሽኑን (የቀለሙን ድምቀት) እየጨመረ በዓይኑ ደስ እስኪለው አስተካከለ። ፎቶው ለሙሽሮቹ በቴሌግራም ሄደ። እነሱ ቀለሙ ደማቅ በሆነው ኦሌድ የተባለ ስክሪን ባለው ስልካቸው ሲከፍቱት የሙሽራዋ ፊት የተቃጠለ መሰለ፤ የቀሚሷ ጥልፍም ክሩ የማይለይ አንድ ቀይ ጭረት ሆነ። ሦስት መቶ ፎቶ እንደገና ሠራ።

የሆነው ይህ ነው። ኢንተርኔትና አብዛኛው ካሜራ የሚስማሙበት የቀለም ልክ ኤስአርጂቢ ይባላል፤ በ1996 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ኤችፒና ማይክሮሶፍት ያወጡት ነው። 45 በመቶ ኤንቲኤስሲ የሆነ ስክሪን ከዚያ ልክ የሚያሳየው ስልሳ በመቶ ገደማውን ብቻ ነው። ከዚያ የደመቀውን ቀይ ማሳየት ስለማይችል፣ ሳቹሬሽን ሲጨምሩ የተለያዩት የቀይ ዓይነቶች ሁሉ ስክሪኑ በሚችለው የመጨረሻ ቀይ ላይ ይከመራሉ። ፋይሉ ውስጥ ያለው ቀይ ግን መጨመሩን አያቆምም፤ እርስዎ ሳያዩት ያልፋል።

ከኢንተርኔት የሌላ ሰው የቀለም ፕሮፋይል (የስክሪን ቀለም ማስተካከያ ፋይል) አውርዶ መጫንም መፍትሔ አይሆንም፤ አንድ ዓይነት የሆኑ ሁለት ስክሪኖች እንኳ እርስ በርሳቸው ይለያያሉ። ስክሪኑን በመሣሪያ እየለኩ ማስተካከል (ካሊብሬት ማድረግ) ነጩንና የብርሃኑን አካሄድ ያስተካክላል፣ የቀለሙን ስፋት ግን አይጨምርም። ለፎቶና ለዲዛይን የሚበጀው፣ 100 በመቶ ኤስአርጂቢ የሆነ ውጫዊ ሞኒተር በኤችዲኤምአይ ማገናኘት ነው፤ ያገለገለም ቢሆን ይሠራል። ያን እስኪገዙ ድረስ ቀለሙን በዓይን አይዳኙ፤ ሂስቶግራሙን (የፎቶውን ብርሃንና ቀለም ስርጭት የሚያሳየውን ግራፍ) ይመልከቱ፣ ከማስረከብዎ በፊትም በሁለት የተለያዩ ስልኮች ይፈትሹ።

ከስልክ ጋር ማወዳደር

አጭር ነው። የእጅ ስልክዎ በአንድ ኢንች 400 ፒክስል ያህል ሊኖረው ይችላል፣ ስክሪኑ ኦሌድ ከሆነም ጥቁሩ ፍጹም ጥቁር ነው። ላፕቶፑን ከላፕቶፕ ጋር ያስተያዩ።

በኬሚካል መጥረግ

የመስኮት ማጽጃና አልኮል ነጸብራቅ የሚከላከለውን ልባስ ሊያነሱ ይችላሉ። ማሽኑን ያጥፉ፣ ለስላሳ ማይክሮፋይበር ጨርቅ በጥቂት ውሃ ያርጥቡ፣ ይበቃል።

ስክሪን ለማስቀየር መቸኮል

ዋስትናው ሳያልቅ ሌላ ጥገና ቤት የተፈታ ላፕቶፕ በኋላ በዋስትና ላይቀበሉልዎ ይችላሉ። ዋስትናው ካለቀ ደግሞ ማስቀየር መጥፎ ሐሳብ አይደለም፤ ከ45 በመቶው ወደ 72 በመቶው ፓኔል መሸጋገር ስክሪኑን ሌላ ያደርገዋል። ችግሩ «15.6 ኢንች ነው» ብሎ ብቻ መግዛቱ ነው። ፉል ኤችዲ በ60 ኸርዝ (ምስሉ በሰከንድ 60 ጊዜ የሚታደስባቸው) የሚሠሩት በአብዛኛው የኬብል መሰኪያቸው ባለ 30 ፒን ነው፤ ከፍ ያለ ኸርዝ፣ 4ኬ ወይም ተች ያላቸው ብዙ ጊዜ ባለ 40 ፒን ናቸው። ሁለቱ አይገጣጠሙም። በ1366 በ768 የተሠራ ማሽን ላይ ፒኑ ቢገጥም እንኳ ኬብሉ ለፉል ኤችዲ ላይበቃ ይችላል፤ ኬብሉም አብሮ ይቀየራል። የብሎን ጆሮ ያለውና የሌለው ፓኔልም አለ። ስለዚህ አሮጌው ተፈቶ፣ ጀርባው ላይ ያለው መለያ ፎቶ ተነስቶ፣ ከዚያ ነው የሚታዘዘው። ሠራተኛው የስክሪኑን ኬብል ከመንቀሉ በፊት ባትሪውን መንቀሉን በዓይንዎ ይዩ፤ አለበለዚያ የስክሪኑ መብራት ፊውዝ ሊቃጠል ይችላል።

በይሉኝታ ዝም ማለት

በመጨረሻ ለእህቴ ደወልኩ። አልተቆጣችም፣ ዝም ብላ ሰማችኝ። ከዚያ «ወንድሜ፣ መጀመሪያ ሳምንት ላይ አብርተሽ እዪው ብትለኝ እኮ እዚሁ እለውጠው ነበር» አለች። አሁን በላፕቶፑ እጽፍበታለሁ፤ ፎቶ ስከፍት ከጎኑ ያለውን ያገለገለ ሞኒተር አበራለሁ። በቅርቡ ለአጎታችን ልጅ ሌላ ላፕቶፕ ስትገዛ ግን ዕቃው በደረሳት ማታ ደወለች። ካርቶኑ ተከፍቷል፣ ቻርጀሩ ተሰክቷል፣ ነጭ ምስል ስክሪኑን ሞልቶታል። ከታች በቀኝ በኩል አንድ ቀጭን መስመር ነበረበት። በማግስቱ መለሰችው።