ማመልከቻ ልታስጽፉ ስትመጡ

ደሴ ፒያሳ አንዲት ጠባብ ጽሕፈት ቤት አለችኝ። አንድ ኮምፒውተር፣ አንድ ፕሪንተር፣ አንድ ፎቶ ኮፒ ማሽን። የምርቃት ሰሞን ልጆቹ ፍላሽ ይዘው ይሰለፋሉ። «እትዬ፣ ያችኑ የሥራ ማመልከቻ አውጪልኝ፤ ስሙን ብቻ ቀይሪው» ይሉኛል።

ድሮ እቀይር ነበር። አንድ ቀን ኮምቦልቻ ላለ ፋብሪካ በጻፍኩት ደብዳቤ መሃል የአንድ ባንክ ስም ቀርቶ ወጣ። ቀደም ብሎ ካስጻፈኝ ልጅ የተረፈ ነው። አመልካቹም ሳያነብ ፈረመ፤ የሐረጎን ቁልቁለት ወርዶ ኮምቦልቻ አስገባው። ከዚያ ወዲህ «ያችኑ» የሚባል ነገር የለም።

መጀመሪያ የሥራ ማስታወቂያውን ይዛችሁ ኑ። በስልክ ፎቶ አንስታችሁትም ቢሆን። የሚፈልጉትን አብረን እናሰምርበታለን፤ ደብዳቤው ለዚያ መልስ ነው። ቀኑ በስተቀኝ ከላይ፣ ከዚያ «ለ» ብላችሁ የመሥሪያ ቤቱ ስም፣ ቀጥሎ «ጉዳዩ»። የሥራ መደቡን ስም እነሱ እንደጻፉት ጻፉት፤ አታሳምሩት።

ዋናው መሃሉ ነው። አምና አንዲት የአካውንቲንግ ምሩቅ ለስቶር ኪፐር ልታመለክት መጣች።

«ምን ሠርተሽ ታውቂያለሽ?»

«ምንም። ዜሮ ዓመት ነኝ።»

«ትምህርት ሲዘጋስ የት ነበርሽ?»

«አባቴ ሰኞ ገበያ እህል ይሸጣል፤ መዝገቡን የምይዘው እኔ ነኝ።»

ይኼን ትታ «ታታሪና ታማኝ ነኝ» ብላ ጽፋ ነበር! ታታሪ ያልሆነ አመልካች አይቼ አላውቅም። ሰርዘን እንዲህ አልን፦ «በአባቴ የእህል መደብር ለሦስት ዓመት ገቢና ወጪ መዝግቤአለሁ። በየወሩ መጨረሻ የቀረውን ኩንታል ቆጥሬ ከመዝገቡ ጋር አመሳክሬአለሁ።» ስቶር ኪፐር ሌላ ምን ይሠራል? ለፈተና ጠሯት።

የቤት ችግር አትጻፉ። «እናቴ ታማ፣ ታናናሾቼን የማስተዳድረው እኔ ነኝ» የሚል ስጽፍ አንጀቴ ይላወሳል፤ የሚቀጥረው ሰው ግን የሚፈልገው ሥራውን የሚችል ነው። ምርቃቱንም እንደዚያው። እኛ ወሎዬዎች ምርቃት እንወዳለን፤ እሱን ለቡናው አቆዩት። «ለፈተናም ሆነ ለቃለ መጠይቅ በጠራችሁኝ ቀን እገኛለሁ» ብላችሁ «ከሠላምታ ጋር»፣ ስም፣ ፊርማ፣ በቃ። ከአንድ ገጽ አይለፍ። ውጤታችሁን በሙሉ አትዘርዝሩ፤ ሲቪው ላይ አለ። ማስታወቂያው በእንግሊዝኛ ከወጣ በእንግሊዝኛ ጻፉ።

ከማተሜ በፊት ጮክ ብላችሁ አንብቡልኝ። ወረፋው ቢረዝምም አብሽሩ፣ እጠብቃለሁ። ስልክ ቁጥሩን ሁለቴ። ባለፈው አንዱ «እስካሁን አልደወሉም» ብሎ ተበሳጭቶ መጣ። ደብዳቤውን ከፍቼ ሳሳየው፣ ያስጻፈኝ የጠፋበትን ሲም ቁጥር ነው።