አዲሱ ሀንድሬል ለምን ይነቃነቃል? የቆየ ዴክ ላይ ሲገጠም የሚያጋጥሙ ችግሮችና መፍትሄያቸው

የምንኖረው ሜሪላንድ ነው። ከወጥ ቤታችን በር ሲወጣ ከመሬት አንድ ሜትር ተኩል ያህል ከፍ ያለ ዴክ፣ ማለትም ከቤት ውጭ የተሠራ የእንጨት ወለል፣ አለ፤ ቡና የምንጠጣው እዚያ ነው። ሐምሌ ላይ እናቴ ከአዲስ አበባ መጥታ፣ ስኒዋን እንደያዘች ሀንድሬሉን ደገፍ ስትል ወደ ውጭ ሸሸባት። እግዚአብሔር ይመስገን አልወደቀችም፤ ቡናው ግን ቀሚሷ ላይ ፈሰሰ። ሀንድሬሉ አሮጌ አልነበረም። በድሮዎቹ ቋሚዎች ላይ ከሳምንት በፊት ራሴ የገጠምኩት አዲስ ጣውላ ነው።

ሲደገፉት ይነቃነቃል

ሰው መጀመሪያ የሚጠረጥረው ሀንድሬሉን ነው። እኔም ብሎን ጨመርኩበት፣ ምንም ለውጥ የለም። ችግሩ አብዛኛውን ጊዜ ታች ነው። አንድ ሰው ሀንድሬሉን ይግፋላችሁ፣ እናንተ ተንበርክካችሁ የቋሚውን እግር ተመልከቱ። ቋሚው የዴኩን ጠርዝ በሚነካበት ቦታ ክፍተቱ ከፈት ዘጋ ካለ፣ ላይ የምትሰሩት ሁሉ ከንቱ ድካም ነው።

የእኔዎቹ በሚስማር ብቻ ነበር የተያዙት፤ ሚስማር ደግሞ በተገፋ ቁጥር ቀስ እያለ ይወጣል። መፍትሄው ቋሚውንና የጠርዙን ጣውላ በስቶ ወዲያ ማዶ የሚወጣ ብሎን ነው፦ ለእያንዳንዱ ቋሚ ሁለት፣ ውፍረቱ ግማሽ ኢንች፣ አንዱ ከላይ አንዱ ከታች፣ በሁለቱም በኩል ሮንዴላ ገብቶበት በዳዶ የሚጠብቅ። "አራት በአራት" የሚባለው ቋሚ ሲለካ 3.5 ኢንች ነው፣ የጠርዙ ጣውላ 1.5፤ ስለዚህ ባለ 5 ኢንች ብሎን ያጥራል፣ 6 ግዙ። ከዚህ በኋላም የጠርዙ ጣውላ ራሱ ከቋሚው ጋር የሚጠማዘዝ ከሆነ፣ በውስጥ በኩል ካሉት ተሸካሚ ጣውላዎች ጋር በብረት ማያያዣ እሰሩት።

ቋሚው ለስላሳ ሆኗል

እግሩን በካቻቢቴ ጫፍ ወጋ አድርጉት። ያለ ትግል ከገባ በስብሷል። በእንጨት መሙያ ደፍኖ፣ ቀለም ቀብቶ ማለፍ ሰው ላይ መፍረድ ነው። ቀይሩት።

ብሎኑ ዙሪያ ተሰነጠቀ ወይም ጥቁር እድፍ ወረደ

ስንጥቁ ሳይበሱ በቀጥታ ከማስገባት ይመጣል፣ በተለይ ጣውላው ጫፍ አጠገብ። እንጨቱ ውስጥ ተጠማዝዞ ለሚቀረው ብሎን ከእሱ ቀጠን ባለ መሰርሰሪያ አስቀድማችሁ ብሱ። እድፉ ሌላ ጉዳይ ነው። አሜሪካ ውስጥ ከ2004 ወዲህ ለቤት የሚሆነው በመድኃኒት የታከመ እንጨት አርሴኒኩ ቀርቶ በብዛት መዳብ ነው ያለበት፤ መዳቡ እርጥበት ሲያገኝ ተራ ብሎንን ቶሎ ያዝገዋል። በቀለጠ ዚንክ ተነክሮ የወጣ ጋልቫናይዝድ ወይም ስቴንለስ ውሰዱ። ያ የሚያብለጨልጨው ርካሹ ለውጭ አይሆንም።

ቋሚዎቹ እኩል አይደሉም

ከዳር እስከ ዳር ሲባጎ ወጥሩ፣ ውሃ ልክ አስጠጉ፣ ምልክት አድርጉና የበለጠውን ቁረጡ። ከመቁረጣችሁ በፊት ግን ቁመቱን አስሉ። አብዛኛው የአሜሪካ አካባቢ የሚከተለው ደንብ፣ ዴኩ ከመሬት ከ30 ኢንች በላይ ከሆነ መከለያው ከወለሉ ቢያንስ 36 ኢንች (91 ሴንቲ ሜትር) እንዲሆን፣ 200 ፓውንድ (90 ኪሎ) ግፊት እንዲችል፣ በዘንጎቹ መካከልም ባለ 4 ኢንች ኳስ እንዳያልፍ ይጠይቃል። የኳሱ ነገር ለሕፃናት ነው። ልጆች ካላችሁ እሱን ዛሬውኑ ለኩ።

ጣውላው ሁለት ቋሚዎች መካከል የሚገባ ከሆነ ርዝመቱን ታች፣ ወለሉ አጠገብ ለኩ። ቋሚዎቹ ላይ ላይ ዘመም ብለው ከሆነ የላይኛው ልክ ያሳስታችኋል። ሁለት ጣውላ የሚቀጠልም ከሆነ መጋጠሚያው ቋሚ አናት ላይ ይረፍ፣ አየር ላይ አይቅር።

ማዕዘኑ ተከፈተ

ስገጥመው ምላጭ አያስገባም ነበር፤ መስከረም ላይ ጣቴ ገባ። የታከመ እንጨት ብዙ ጊዜ ከመደብር የሚወጣው እርጥብ ሆኖ ነው፤ አንስታችሁት ከከበዳችሁ ውሃው ነው። ሲደርቅ በርዝመቱ ብዙም አይቀንስም፣ በወርዱ ግን ይሸሻል፣ በ45 ዲግሪ የተቆረጠ ማዕዘን የሚከፈተውም ለዚህ ነው። ከመቁረጣችሁ በፊት በየመሃሉ ስስ እንጨት እያስገባችሁ ጥላ ስር ደርድራችሁ ለሳምንታት አድርቁት። አዲስ የተቆረጠውን ጫፍ ሁሉ የእንጨት መከላከያ መድኃኒት ቀቡት፣ መበስበስ የሚጀምረው ከዚያ ነው።

ለቀለም አትቸኩሉ። ጥቂት ውሃ ጠብ አድርጉበት። ሰርጎ ከገባ ቀቡት፤ ላዩ ላይ እንደ ዶቃ ከተንከባለለ ሌላ ሁለት ሳምንት ጠብቁና ደግማችሁ ሞክሩ።