በወረርሽኝ ጊዜ የታሸገ ምግብ ገበያን ስናነብ የሚያሳስቱን ነገሮች

ወረርሽኝ ሲመጣ የታሸገ ምግብ ሽያጭ ይጨምራል። ይሄ ለማንም ግልጽ ነው። ስህተቱ የሚመጣው ጭማሪው ምን ማለት እንደሆነ ስንናገር ነው።

የተገዛው ሁሉ ተበላ ማለት

ሰው ፈርቶ አምስት ፓኮ ፓስታ ገዛ ማለት አምስቱንም በላ ማለት አይደለም። ሆዱ ያው ነው። ፓስታው ከሱቅ ወደ ጓዳ ተዛወረ እንጂ። ባለሱቁ ግን መደርደሪያው ባዶ ሲሆን እጥፍ ያዛል። አከፋፋዩ ደግሞ «ካለቀብኝስ» ብሎ ከዚያም ያስበልጣል። ፋብሪካው ይህን የተጋነነ ትዕዛዝ አምኖ አዲስ ማሽን ከገዛ ጉድ ይፈላል፤ ጓዳ ያለው እስኪያልቅ ገዢ የለም።

ባዶ መደርደሪያ አይቶ «ምግብ አለቀ» ማለት

እ.ኤ.አ. በ2020 የኮቪድ ወረርሽኝ ሲጀምር ብሪታኒያ ውስጥ ዱቄት ከሱቅ ጠፋ። ስንዴ ግን ነበር፤ ወፍጮዎቹም ሌት ተቀን ይፈጩ ነበር። ነገሩ ወዲህ ነው። በዚያ አገር በሱቅ የሚሸጠው ከጠቅላላው ዱቄት 4 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። የቀረው በትልልቅ ከረጢትና በቦቴ ወደ ዳቦ ቤትና ወደ ምግብ ፋብሪካ ይሄዳል። ማነቆው 1.5 ኪሎ የምትይዘዋን ትንሿን ከረጢት የሚሞላው ማሽን ነበር። እሱ ደግሞ በአንድ ሌሊት አይጨመርም። እንዲህ ባለ ጊዜ «ስንዴ እናስገባ» ብሎ መሯሯጥ ምንም አይፈይድም።

ምግብ ቤቶችን መርሳት

ብዙ ሰው የሱፐርማርኬቱን ጭማሪ ይቆጥርና ምግብ ቤት፣ ሆቴልና ትምህርት ቤት ሲዘጉ የቀረውን ትዕዛዝ ይዘለዋል። በዚያው ዓመት አሜሪካ ውስጥ አንዳንድ ሱቆች ለአንድ ደንበኛ የሚሸጡትን ወተት ሲገድቡ፣ ገበሬዎች ወተት ይደፉ ነበር። ለተማሪዎች በትንንሽ ካርቶን የሚያሽግ ፋብሪካ ተነስቶ በጋሎን ላሽግ ቢል መሣሪያው አይፈቅድለትም። የአገር ገበያ አደገ ወይስ አላደገም ለማለት ሁለቱንም ወገን ማየት ግድ ነው።

ሁሉንም በአንድ ዓይን ማየት

ሰው ዱቄትና እርሾ ሲሻማ ማስቲካ ገበያ አጣ። ማስቲካ አስቦ የሚገዛ የለም፤ ሂሳብ ሲከፍል ነው እግረ መንገዱን የሚያነሳው። ደግሞስ ቤቱ ተዘግቶ የተቀመጠ ሰው ለማን ብሎ ያኝካል?

ገንዘቡን ብቻ መቁጠር

ሽያጭ በገንዘብ 10 በመቶ ጨምሮ ዋጋ 12 በመቶ ከጨመረ፣ የተሸጠው ምግብ ቀንሷል። ኪሎውን ጠይቁ። የፓኮ ብዛትም ያታልላል፤ ፓኮው ራሱ ሊያንስ ይችላል።

2021ን ከ2020 ጋር ብቻ ማወዳደር

እንዲህ ካደረግን ገበያው የወደቀ ይመስላል። 2020 የሽሚያ ዓመት ነበርና መለኪያ አይሆንም። 2019ን አጠገቡ አስቀምጡት፤ ገበያው በእርግጥ ምን ያህል እንደተቀየረ ያኔ ይታያል።