በስተርጅና ለወንጌል አገልግሎት ድሬዳዋ ለምትመጡ

ጡረታ ወጥታችሁ፣ ልጆቻችሁን ድራችሁ፣ «የቀረችኝን ጉልበት ለጌታ» ብላችሁ ወደ ድሬ ለመምጣት እያሰባችሁ ነው? ኑ። እኔና ባለቤቴ ከአዲስ አበባ ስንመጣ እሱ 64፣ እኔ 60 ዓመቴ ነበር። ላኪ ቤተ ክርስቲያናችን የላከችን ለአንድ ዓመት ነው፤ ይኸው ሦስተኛውን ይዘናል። ሊመጡ የሚያስቡ እኩዮቻችን እየደወሉ የሚጠይቁኝ ነገር ሁሌም አንድ ዓይነት ስለሆነ አንዴ ልጻፈው ብዬ ነው።

መጀመሪያ የምትቀይሩት ሰዓታችሁን ነው። ድሬ ከባሕር ጠለል በላይ 1200 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፣ አዲስ አበባ ደግሞ የዚህን እጥፍ ያህል ከፍ ትላለች፤ ሰውነታችሁ ይህን ወዲያው ያውቀዋል። ግንቦትና ሰኔ ላይ ሙቀቱ 35 ዲግሪ ይደርሳል። የከተማው ሰው ለዚህ ድሮ መላ አበጅቷል። ጠዋት በጊዜ ይነሳል፣ ስድስት ሰዓት ገደማ ሱቁን ዘግቶ ቤቱ ይገባል፣ ዘጠኝ ሰዓት ካለፈ በኋላ ይከፍታል፣ ማታ ነፋሱ ሲመጣ ከተማው እንደገና ይነቃል። እናንተም እንደዚሁ አድርጉ። የቤት ለቤት ጉብኝት ጠዋት ከአንድ ሰዓት እስከ አራት፣ ከዚያ ከአሥር ሰዓት በኋላ። መሃሉ የእንቅልፍና የጸሎት ነው።

እኛ ይህን የተማርነው በደረሰብን ነገር ነው። በመጣን በሦስተኛው ሳምንት ባለቤቴ «ሰው እየጠበቀን አንተኛም» ብሎ ስምንት ሰዓት ላይ ወደ ገንደ ቆሬ ሰፈር በእግሩ ወጣ። መንገድ ላይ ዓይኑ ጨለመበት፣ ግድግዳ ተደግፎ ተንሸራተተ። አንዲት ሳምቡሳ የምትሸጥ ሴት አይታው ጥላ ውስጥ አስገባችው፣ የራሷን የፕላስቲክ ወንበር ሰጠችው፣ ሻሿን ውኃ አስነክራ አንገቱ ላይ አደረገችለት። እኔ ስደርስ ስኳርና ጨው የገባበት ውኃ በብርጭቆ እያጠጣችው ነበር፣ አንድ እጇ ከጀርባው አልተነሳም። ሐኪሙ ሲያየው ለካ የሚወስደው የደም ግፊት ኪኒን ሽንት የሚያሸና ነው፤ በዚህ ሙቀት ላይ ተጨምሮ ውኃውን ጨርሶበታል። መድኃኒቱን አስተካከሉለት። ስለዚህ የግፊት ወይም የስኳር መድኃኒት የምትወስዱ ካላችሁ ከመምጣታችሁ በፊት ለሐኪማችሁ «ቆላ ልኖር ነው» በሉት። ኪኒኑን በራሳችሁ አታቁሙ፣ አትቀንሱ። ያቺ ሴት ዛሬ ጓደኛችን ናት። ሙስሊም ናት፣ እኛም ማን እንደሆንን ታውቃለች።

ቤት ስትከራዩ ኮርኒስ የሌለው ቆርቆሮ ቤት በነፃም ቢሰጧችሁ አትግቡ። ግቢው ዛፍ ይኑረው፣ አልጋ ማውጫ ቦታም ይኑረው፤ በሙቀቱ ወራት ብዙ ሰው ውጭ ነው የሚተኛው፣ እናንተም ትተኛላችሁ። ቬንትሌተርና አጎበር የግድ ነው። ውኃው ከባድ ነው፣ ማንቆርቆሪያችሁ ውስጥ ነጭ ቅርፊት ስታዩ አትደንግጡ። ውኃ ሲጠፋ ብላችሁ የምታጠራቅሙትን በርሜልና ጀሪካን ግን ክደኑት። ዴንጊና ቺኩንጉንያ የሚባሉትን የትኩሳት በሽታዎች የምታስተላልፈው ትንኝ የምትራባው እዚያ ውስጥ ነው፣ የምትነክሰውም ቀን ነው፣ ስለዚህ የማታው አጎበር ብቻውን አይበቃም። በ2011 ክረምት ቺኩንጉንያ ገብቶ ብዙ ቤት አልጋ ላይ አውሎ ነበር። በእኛ ዕድሜ የመገጣጠሚያ ሕመሙ ቶሎ አይለቅም።

ልብስ? ሱፉን እዚያው ተዉት። ባለቤቴ ቤት ውስጥ ሽርጥ ያገለድማል፣ እኔም ከታይዋን ገበያ ድሪያ የሚባለውን ስስ ሰፊ ቀሚስ ገዝቻለሁ። ለእሑድ አንድ ስስ ሸሚዝና አንድ የሐበሻ ቀሚስ ይበቃል።

አሁን ወደ ሰዉ ልምጣ። ከደጋ የመጣ ሽማግሌን በመጀመሪያው ሳምንት የሚያስቀይመው «አንተ» መባል ነው። ዕድሜ ልኩን «ጋሼ» እና «አንቱ» የተባለ ሰው፣ የአሥር ዓመት ልጅ «አቦ ና አንተ፣ እዚህ ጥላው ጋ ቁጭ በል!» ሲለው ይደነግጣል። አትቀየሙ። የድሬ ልጅ የሚወደውን ነው እንደዚህ የሚያቀርበው፣ ንቀት የለበትም። ያ ልጅ ዕቃችሁን ከባጃጅ አውርዶ ቤት ድረስ ያደርሳል፣ ብር ስትሰጡት ደግሞ ይቆጣል።

አማርኛ ያዘልቃችኋል፣ ግን ጠዋት ለጎረቤት «አካም ቡልተን» በሉ፣ ሶማሌዋን ባለሱቅ «ኢስካ ወረን» በሏት። እነዚህን ሁለቱን በማወቄ ብቻ የተከፈተልኝ በር ብዙ ነው። ሰላምታ እንደ ተራ ነገር አትዩት። እዚህ ሰው ሰላም ካላችሁ በኋላ ቆሞ ስለ ልጆቻችሁ ይጠይቃል፣ እናንተም ቆማችሁ መልሱ።

በረመዳን ቀን መንገድ ላይ ውኃ አትጠጡ፣ ቤታችሁ ገብታችሁ ጠጡ። ለአፍጥር ከተጠራችሁ ሂዱ። ጎረቤት ሳምቡሳ በሰሃን ከላከ ሰሃኑ ባዶውን አይመለስም፣ ግን የእኛን ሥጋ እነሱ አይበሉም፣ ስለዚህ ሙዝ ወይም ፓፓያ አድርጉበት። አፍጥር ላይ ተቀምጣችሁ ስብከት አትጀምሩ። ይህን የምለው በፍርሃት አይደለም። ሰው እንግዳ አድርጎ ማዕዱን ሲዘረጋላችሁ የመጣችሁት ልትበሉና ልትመርቁ ነው። ከጠየቋችሁ ግን አትሸሽጉ፣ ያመናችሁትን በቀጥታ ንገሯቸው። እኛን ጠይቀውናል፣ ሌሊቱን ሙሉ አውርተንም እናውቃለን። ርዳታን ከእምነት ጋር ማያያዝ ግን ፈጽሞ አይሁን። ዱቄት ይዛችሁ ሄዳችሁ ከዱቄቱ ጋር የአምልኮ ጥሪ አታቅርቡ። ገንዘብ ለሚቸግረው ደግሞ ከኪሳችሁ ከማበደር አጥቢያዋ በምታውቀው መንገድ ቢሰጥ ይሻላል፤ ያበደራችሁት ሰው ዕዳው ሲከብደው ከጉባኤም ከእናንተም ይሸሻል።

ታዲያ ሥራው ምንድን ነው? መድረኩን ለወጣቶቹ ተዉት። የእናንተ ሥራ መቀመጥ ነው። ድል ጮራ ሆስፒታል አልጋ አጠገብ፣ ለቅሶ ቤት፣ ገና የተጋቡ ልጆች ሲጣሉ መሃላቸው። ወጣት አገልጋዮች ጊዜ የላቸውም፣ እናንተ አላችሁ። ከዚራ በሚባለው ሰፈር፣ ዛፎቹ መንገዱን ከጋረዱበት፣ አንድ ቤት ውስጥ፣ ማክሰኞ ማክሰኞ የምንጎበኛቸው አንድ የምድር ባቡር ጡረተኛ አሉ። ባቡሩ በ1902 እንደ ፈረንጆቹ እዚህ ሲደርስ ነው ከተማው የተቆረቆረው፣ እሳቸውም የሥራ ዘመናቸውን የጨረሱት ባቡሩ ላይ ነው። ከአልጋ አይነሱም። የመጀመሪያዎቹን አራት ማክሰኞዎች መጽሐፍ ቅዱስ አልከፈትንም። ባለቤቴ የትራሳቸውን ልብስ ያስተካክላል፣ እሳቸው አማርኛና ፈረንሳይኛ እየቀላቀሉ የጣቢያዎቹን ስም በተራ ይጠሩለታል፣ ሽንሌ፣ አዲጋላ፣ አይሻ፣ ደወሌ፣ እያሉ በጣታቸው አንሶላው ላይ እየነኩ ጅቡቲ ይደርሳሉ። አምስተኛው ማክሰኞ ላይ ጅቡቲ ደርሰው ሲያበቁ «በል እስቲ አሁን ያንተን አንብብልኝ» አሉት።

ደቻቱን ሳልነግራችሁ ማለፍ አልችልም። የከዚራንና የመጋላን ሰፈሮች የሚለየው ወንዝ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው፣ ሰውም ያቋርጠዋል። ከላይ ተራራው ጠቁሮ ካያችሁ ግን ከተማው ላይ ፀሐይ ቢሆንም አትግቡበት፤ ጎርፉ የሚመጣው ከላይ ነው። በሐምሌ 1998 መጨረሻ ሌሊት መጥቶ ከ250 በላይ ሰው ወስዷል። ዛሬም ሌሊት ዝናብ ሲጥል የማይተኛ ሰው አለ። እንዲህ ባለ ሌሊት ማግስት እኔ ጠዋት ቡና አፍልቼ ጎርፉ የወሰደባትን ሁለት ልጆቿን ከማትረሳ ጎረቤቴ ጋ እሄዳለሁ። ምንም አልላትም፣ አብረን እንጠጣለን። ይህም በሪፖርታችሁ ላይ ይግባ፤ ላኪዎቻችሁ የተጠመቀውን ቁጥር ብቻ ከጠየቋችሁ ይህንንም ጻፉላቸው።

ስለ ራሳችሁም አስቡ። ሐረር አንድ ሰዓት ያህል ነው፣ የደንገጎን ዳገት ስትወጡ አየሩ ይቀየራል። በወር አንድ ቀን ውጡና ጀጎል ውስጥ ቀስ ብላችሁ ተራመዱ፣ ሹራብ ያዙ። የልጅ ልጆቻችሁን በቪዲዮ የምታገኙበት ቀን ይወሰን፣ እሱን ቀን ለማንም ስብሰባ አትልቀቁ። የመጀመሪያው ፋሲካ ከባድ ነው። እኔ ዶሮውን አሥራ ሁለት ብልት አውጥቼ ለማን እንደምሰጠው ጠፍቶኝ ወጥ ቤት ቆሜ አልቅሻለሁ። ስለዚህ ለዚያ ቀን አስቀድማችሁ ሰው ጥሩ፣ ቤተሰቡ ሩቅ የሆነ ተማሪና ወታደር በዚህ ከተማ ሞልቷል።

ከመጀመሪያው ቀን አንድ ደብተር ያዙ። የጎበኛችሁትን ሰው፣ ቤቱ በየት በኩል እንደሆነ፣ የሚነቃበትን ሰዓት፣ ስኳር ይወስድ እንደሆነ፣ ምን እንዲጸለይለት እንደለመነ ጻፉ። እኛ ሁለተኛው ደብተር ላይ ነን። የምትመለሱበት ጊዜ ሲደርስ ደብተሩን ለሚተካችሁ ሰው ትሰጣላችሁ፣ ግን እንዲሁ እጁ ላይ አታስቀምጡለት። ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ ይምጣና ቤት ለቤት ይዛችሁት ዙሩ። ማክሰኞ ዕለት ከዚራ ስትወስዱት ባለ ባቡሩ አባት ጣቢያዎቹን ለእሱም ይቁጠሩለት።